የሚንቀሳቀስ ሥዕል በኢትዮጵያ፦ ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ እስከ ቀጭኔዋ ፀሐይ

«አኒሜሽን» የሚለውን ቃል አዘውትረው የሚጠቀሙበት ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ናቸው፤ በየቤቱ የሚታወቀው «ካርቱን» በሚል ስም ነው። ነገሩ በዓይን ላይ የሚሠራ ብልሃት ነው። በጥቂት በጥቂቱ የሚለያዩ ሥዕሎች በፍጥነት ሲፈራረቁ ዓይን ልዩነታቸውን እንደ እንቅስቃሴ ይቀበለዋል። ፊልም በሴኮንድ 24 ክፈፍ ያሳያል። ሠዓሊዎች ድካማቸውን ለመቀነስ አንዱን ሥዕል ለሁለት ክፈፍ ስለሚያውሉት ለአንድ ሴኮንድ 12 ሥዕል ይበቃቸዋል። እንዲያም ሆኖ ለአንድ ደቂቃ 720፣ ለአሥር ደቂቃ 7,200 ሥዕል ያስፈልጋል። የሙያው ታሪክ በየትኛውም አገር ከዚህ ሒሳብ ጋር የተጣበቀ ነው። ጎበዝ እጅ በየሰፈሩ አይጠፋም፤ ሰባት ሺህ ሥዕል እስኪያልቅ የዚያን እጅ ቀለብ የሚችል ሰው ማግኘት ነው የሚቸግረው።

ታሪክን በሥዕል አከታትሎ መንገር ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ለማያነብ ምእመን ገድልና ተአምርን በተርታ ሲያሳይ ኖሯል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ይህንኑ ልማድ በጨርቅ ላይ አውርደው ለገበያ አቀረቡት። በብዛት ከተሸጡት አንዱ የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ44 ትንንሽ አራት ማዕዘን ተከፋፍሎ፣ በየሥዕሉ ሥር አጭር ጽሑፍ ተጨምሮበት ይሠራ ነበር። ገዢዎቹ በአመዛኙ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። አንድ ሰው በአንደኛው ሥዕል ዘንዶ ሲመለክ አይቶ በመጨረሻው ቀዳማዊ ምኒልክ ሲነግሥ ያያል። ለመንቀሳቀስ የጎደለው መሣሪያ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መሣሪያው በብዛት የመጣው በባቡር ነው። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ አቃቂ ከዋና ከተማዋ በፊት ካሉት የመጨረሻ ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። በሐዲዱ የተጫነ ሁሉ፣ የፎቶግራፍ መስተዋትም ሆነ የፊልም ማሳያ መኪና፣ በአቃቂ በኩል አለፈ። የመጀመሪያው የሲኒማ አዳራሽ በሕዝቡ አፍ «የሰይጣን ቤት» የሚል ስም ማትረፉ የታወቀ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ የማይጨበጥ ሰው ሲሮጥ ያየ ተመልካች ሌላ ስም ቢያወጣለት ነበር የሚገርመው።

መሣሪያውን ይዘው የመጡት ደግሞ ስደተኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1905 ኢትዮጵያ የደረሰው አርመናዊ በድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሙያው ለልጆቹ ለሃይጋዝና ለቶኒ ተላልፎ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቀ። ይህ ቤተሰብ የሥዕል ንግድ በአዲስ አበባ እንዴት እንደቆመ በደንብ ያሳያል። ከውጭ የመጣ ባለሙያ አገሩ ውስጥ ከሚከፍል ጌታ ጋር ይገናኛል፤ ጌታው ቤተ መንግሥቱ ነው፤ ከዚያም መኳንንቱና ነጋዴው ይከተላሉ። ፎቶግራፍ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ወዲያው ይሸጣል። 7,200 ሥዕል የሚበላ ሥራ ግን እንዲህ ያለ ገበያ አያገኝም። በምኒልክም በኃይለ ሥላሴም ከተማ ፎቶ ቤት ሲበዛ የካርቱን ስቱዲዮ ያልተከፈተው ስለዚህ ነው።

በአፍሪካ ምድር ይህን የሞከረ ስደተኛ ቤተሰብ ግን ነበረ፤ ታሪኩም ለኋላው የኢትዮጵያ ታሪክ መለኪያ ይሆናል። የፍሬንኬል ወንድማማቾች ከቤላሩስ የፈለሱ አይሁድ ናቸው። ቤተሰቡ መጀመሪያ ያፋ ሰፈረ፤ በ1914 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ከዚያ ተባርሮ እስክንድርያ ገባ፤ በዚያም የቤት ዕቃ እየሠራ ይተዳደር ነበር። ወንድማማቾቹ የሚኪ ማውስን ፊልም ካዩ በኋላ ራሳቸው ሊሠሩ ተነሡ፤ ካሜራውን፣ የሥዕል ጠረጴዛውን፣ ስልቱን ሁሉ በራሳቸው ሙከራ አበጁት። የመጀመሪያ ፊልማቸው ጦጣ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነበት ነበር፤ አልያዘላቸውም። ከገንዘብ ባለቤቶች አንዱን ድጋፍ ሲጠይቁ «ማፊሽ ፋይዳ»፣ ማለትም «ጥቅም የለውም»፣ የሚል መልስ ሰጣቸው ይባላል። በ1936 (እ.ኤ.አ.) ታርቡሽ ያደረገ ግብፃዊ ወጣት፣ ሚሽሚሽ ኤፈንዲ የሚባል ገጸ ባሕርይ ፈጥረው ፊልሙን ካይሮ ሲያሳዩ ርእሱን ያንኑ መልስ አደረጉት፦ «ማፊሽ ፋይዳ»።

የሚሽሚሽ ስም ራሱ ቀልድ አለበት። ቃሉ አፕሪኮት የሚባለው ፍሬ ነው፤ ግብፆች «ነገ በሚሽሚሽ» ሲሉ አማርኛው «ላም አለኝ በሰማይ» ከሚለው ጋር የሚመሳሰል ትርጉም አለው። ገጸ ባሕርዩ ተወደደ፣ ለመንግሥት የሚሆኑ ፊልሞችና ማስታወቂያዎችም ተሠሩበት። የእስራኤልና የዓረቦች ጦርነት ከተነሣ በኋላ ግን የአይሁድ ኑሮ በግብፅ እየጠበበ ሄደ፤ ወንድማማቾቹ በ1951 (እ.ኤ.አ.) ወደ ፈረንሳይ ሄዱ። እዚያ ታርቡሹን አውልቀው ሚሽሚሽን ፈረንሳዊ ሊያደርጉት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። በካይሮ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ልጅ ፓሪስ ላይ ዘመድ አልነበረውም። ፊልሞቹም ለአሥርት ዓመታት በቤተሰቡ ምድር ቤት ተቀምጠው ቆዩ።

ከሰሃራ በታች ቀደምት ተብሎ የሚጠራው የኒጀሩ ሙስጠፋ አላሳን ነው። በ1966 (እ.ኤ.አ.) የእንቁራሪቶች ፕሬዚዳንት ለጉብኝት ሲሄድ የሚያሳየውን «ቦን ቮያዥ ሲም» የተባለ አጭር ፊልም ሠራ፤ በአዳዲሶቹ ነጻ መንግሥታት መሪዎች ላይ የሣቀ ፊልም ነው። አላሳን በአገሩ ተቀምጦ ነው የሠራው፤ ስልቱን ግን ካናዳ ድረስ ሄዶ ተምሯል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለልጆች የሚሆን ትረካ ከሥዕል በፊት በድምፅ ነው የተጀመረው፤ የድምፁም ታሪክ ወደ አቃቂ ይመልሳል። የአቃቂን የራዲዮ ጣቢያ የሠራው የጣሊያኑ የአንሳልዶ ኩባንያ ሲሆን፣ በ1928 ዓ.ም. መባቻ የጣሊያን ወረራ ሊጀመር ሲል ንጉሠ ነገሥቱ ጣሊያንን የከሰሱበትን ንግግር ለውጭ ዓለም ያሰሙት ከዚሁ ጣቢያ ነው። መሣሪያ የሠሪውን ወገን አይዝም፤ የሚናገርበትን ሰው ነው የሚታዘዘው። ለሚቀጥለው የመገናኛ ብዙኃን ታሪክም ይህ ምሳሌ ይሠራል። ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በዘውድ በዓሉ ቀን፣ በእንግሊዙ ቶምሰን ኩባንያ እገዛ ሥርጭት ሲጀምር ስቱዲዮው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ካሜራውም ማሰራጫውም ከባሕር ማዶ መጣ። የልጆቹን ሰዓት የያዙት ግን የባሌው ተወላጅ ተስፋዬ ሣህሉ ነበሩ።

አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ለ42 ዓመታት ተረት ነገሩ። የተውኔት ሰው ናቸው፤ ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ እየሆኑ የተጫወቱ፣ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ድረስ ዘምተው ወታደሩን ያዝናኑ ናቸው። በልጆች ፕሮግራማቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዙሪያቸውን ልጆች ከብበዋቸው፣ ጅብንም አንበሳንም በድምፃቸውና በፊታቸው ያመጡት ነበር። በሒሳብ ቋንቋ ሲታይ ይህ ከሁሉ የረከሰው «አኒሜሽን» ነው፦ አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር፣ ሥዕሉ በልጁ አእምሮ ውስጥ። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ በእሳቸው ተረት ያደጉ ሰዎች ራሳቸው አያት ሆነው ነበር።

የአባባ ተስፋዬ ፕሮግራም ባበቃበት ጊዜ ገደማ ሌላ ነገር ተጀመረ። የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ፣ አሜሪካዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ሼን ኤትዘንሃውዘር፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተባለውን ድርጅት በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ምክንያቱ ከክፍል ውስጥ የመጣ ነው። መምህርቷ አንድ ክፍል ልጅ ታስተምራለች፤ አብዛኛው የኢትዮጵያ ልጅ ግን ያኔ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤት ሳይገባ ነበር አንደኛ ክፍል የሚጀምረው። ቴሌቪዥን ባለው ጎረቤት ቤት ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይሰበሰባል። ሰሌዳውን ወደዚያ ማዞር ነው የፈለጉት።

ስቱዲዮው የመኖሪያ ቤታቸው ሳሎን ነበር። ገንዘቡም የራሳቸው ቁጠባ። በእንዲህ ያለ አቅም በሴኮንድ 12 ሥዕል መሣል አይታሰብም፤ ስለዚህ በእጅ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት መረጡ። አሻንጉሊት አንዴ ከተሠራ በኋላ ሥዕሉን የሚተካው እጅ ነው። እጁ ሲንቀሳቀስ ገጸ ባሕርይዋ ትንቀሳቀሳለች፣ ካሜራው ይቀርጻል፣ አሥር ደቂቃ የሚሆን ነገር በአሥር ወር ሳይሆን በቀናት ይገኛል። እንዲህ ነው ፀሐይ የተባለችው የስድስት ዓመት ቀጭኔ የተወለደችው፤ ድምፅዋ የብሩክታዊት የራሷ ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚለው ፕሮግራም በ1999 ዓ.ም. መባቻ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ።

የቀጭኔዋ ምርጫ ሳይታሰብበት የተደረገ አይመስልም። የኢትዮጵያ ተረት በጦጣ፣ በጅብ፣ በአንበሳና በቀበሮ የተሞላ ነው፤ እያንዳንዳቸውም ፍርዳቸው አስቀድሞ አልቋል። ጅብ ሆዳም ነው፣ ጦጣ ብልጥ ናት። ቀጭኔ ግን በተረቱ ውስጥ ይህን ያህል ታሪክ የላትም። ጠያቂ፣ አንዳንዴ የምትሳሳት፣ ስሕተቷን የምታርም ሕፃን ለመሥራት የሚመች ባዶ ቦታ ነበር። ትምህርቱም ከፊደልና ከቁጥር አልፎ እጅ ወደ መታጠብ፣ ፍርሃትን ወደ መቋቋም፣ ተራ ወደ መጠበቅ ይሄድ ነበር። ከውጭ ከሚመጣው ካርቱን የሚለየው ዋናው ነገር ሥዕሉ ሳይሆን ሁሉም በአማርኛ መነገሩ ነው። አንድ የአራት ዓመት ልጅ በማያውቀው ቋንቋ የሚጮኽ አይጥና ድመት ሲያይ የሚያገኘው ሩጫውን ብቻ ነው፤ ፀሐይ ግን «ለምን?» ብላ ስትጠይቅ ጥያቄው ይገባዋል። ሥራው በኋላ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎችም ተመልሷል። እዚህ ላይ አሻንጉሊት ሌላ ጥቅም አለው፦ አፉ ተከፍቶ ይዘጋል እንጂ እንደ ሰው ከንፈር ፊደል ስለማይለይ፣ በአንዱ ቋንቋ የተቀረጸውን በሌላው ለመናገር እንደገና መቅረጽ አያስፈልግም።

የውጭው ዓለም ቶሎ አወቃቸው። በ2008 (እ.ኤ.አ.) በልጆች ቴሌቪዥን ዘንድ ትልቅ ስም ካላቸው ከጃፓን ፕራይዝና ከሙኒኩ ፕሪ ዠነስ ሽልማት አገኙ፤ በ2010 ብሩክታዊት የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆነች። ሽልማት ግን ደመወዝ አይከፍልም። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ አንድ ስቱዲዮ ፕሮግራሙን ለጣቢያ ሸጦ ነው የሚኖረው። በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የተለመደው ተቃራኒው ነው፤ አዘጋጁ የአየር ሰዓት ይገዛል፣ የከፈለውንም ከስፖንሰር ማስታወቂያ ይመልሳል። የሳሙና ነጋዴ ድራማን ይደግፋል፤ እስከ 2011 ዓ.ም. የቢራ ነጋዴም ይደግፍ ነበር። የአምስት ዓመት ተመልካች ግን ቢራ አይጠጣም፣ ሳሙናም አይገዛም። የልጆች ፕሮግራም ከገበያው ውጭ የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ክፍተቱን የሞሉት ዓለም አቀፍ ለጋሾች ናቸው።

ከሌላ ዓይነት ኢንዱስትሪ ጋር ማነጻጸር ጉዳዩን ያጠራዋል። አቃቂ ላይ ከሕንድ ባለሀብቶች ጋር በሽርክና የተቋቋመው የኢንዶ ኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም እንግዳና ባለ አገር አንድ ላይ የሠሩት ሥራ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ከሌሎች ትልልቅ ፋብሪካዎች ጋር ወረሰው፤ ግን ባለቤቱ ሲለወጥም ማምረቱን አላቆመም፣ ምክንያቱም ጨርቅ በሜትር ተለክቶ መርካቶ ይሸጣል። ካርቱን የሚለካበት ሜትር የለም። አንዴ ከተሠራ ሚሊዮን ልጅ ሊያየው ይችላል፤ ከሚሊዮኑ ግን አንድም ሳንቲም የሚከፍል ላይኖር ይችላል።

ለጋሽ ሲከፍል ርእሱንም ይመርጣል። ዊዝ ኪድስ ከአሻንጉሊት ወደ ተሣለ አኒሜሽን የተሻገረበት ዋናው ሥራ «ጥበብ ገርልስ» ነው። ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች ያለዕድሜ ጋብቻን፣ ግርዛትን፣ በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት መቅረትን ይታገላሉ። ርእሶቹ የልማት ድርጅት እቅድ ይመስላሉ፤ ናቸውም። ቢሆንም ሥራውን የሪፖርት ማሟያ ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ስሙን ብቻ ማየት ይበቃል። ጥበብ ዕውቀት ነው፤ ጥበብ በሐበሻ ቀሚስ ዳር የሚዞረው ጌጥም ነው። የጀግኖቹ ልብስ ከዚያው ጌጥ የተወሰደ ነው። ስለ ወር አበባ በአማርኛ በግልጽ የሚናገር ፊልም ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ማሳየትም፣ ማንም ይክፈልበት፣ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። በቴክኒክ በኩልም ኮምፒውተሩ የድሮውን ሒሳብ አቅልሎታል። ገጸ ባሕርይዋ እጇ፣ እግሯ፣ ዓይኗና አፏ ተለያይተው አንድ ጊዜ ይሣላሉ፤ ከዚያ በኋላ እንደ አሻንጉሊት መገጣጠሚያቸው ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ከእጅ አሻንጉሊት ወደ ዲጂታል ሥዕል የተደረገው ጉዞ ከሚመስለው ያጥራል።

ከውጭ ከመጡት በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከአገር ወደ ውጭ የሄዱ ኢትዮጵያውያንም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በሰራት ደበበ በአሜሪካ ባቋቋመው ኤታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር ልዕለ ጀግና የሚያሳይ የሥዕል መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ይህ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ባይሆንም የሳባ ንግሥትን በ44 ክፈፍ ከነገሩት ሠዓሊዎች ጋር ዝምድና አለው። ለአኒሜሽኑ የሚቀርበው በ18 ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደው የአዲስ አበባው ልጅ ዕዝራ ውቤ ነው። ኒው ዮርክ ብሩክሊን ተቀምጦ፣ ስፖንሰርም ሠራተኛም ሳይጠብቅ፣ ብቻውን በብሩሽ ይሠራል። ያየውንም ለአገሩ መልሷል፦ በ2008 ዓ.ም. የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫልን ጀምሮ የሌሎችን ሥራ ወደ አዲስ አበባ አምጥቷል።

በ2011 (እ.ኤ.አ.) የሠራው «ሂሳብ» የተባለ አጭር ፊልም የተመሠረተው የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ በሚያውቀው ተረት ላይ ነው። አህያ፣ ውሻና ፍየል ታክሲ ይሳፈራሉ። አህያ ሒሳቡን በትክክል ይከፍላል፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ መኪና ሲመጣ ከመንገድ ንቅንቅ አይልም። ፍየሏ ሳትከፍል ወርዳለች፤ መኪና ባየች ቁጥር ትሸሻለች። ውሻው ከፍሎ መልስ አልተሰጠውም፤ ስለዚህ መልሱን ሊቀበል መኪናውን እያባረረ ይጮኻል። ዕዝራ ይህን ለመሥራት የሰባት ሺህ ሥዕሉን ሒሳብ በሌላ መንገድ አቃለለው። አንድ ትዕይንት ይሥላል፣ ፎቶግራፍ ያነሣዋል፣ በላዩ ላይ ቀጣዩን ይሥላል። እያንዳንዱ ሥዕል ቀዳሚውን ስለሚሸፍን፣ ፊልሙ ሲያልቅ በእጁ የሚቀረው አንድ ሸራ ብቻ ነው።